የድረ ገጽ አድራሻ እንዴት ሸቀጥ ሆነ?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገሬ ሰው። የድረ ገጽን ስም ግን ገበያ ነው የሚያወጣው።

ድረ ገጽ መሥራት እንጀራዬ ነው። በዚህ ሥራ ላይ እስካለሁ ድረስ የዚህን ጥያቄ ያህል ደጋግሜ የሰማሁት የለም፦ «አድራሻው ውስጥ የምንሸጠው ነገር ስም ቢገባበት ጉግል ላይ አንደኛ እንወጣለን አይደል?» ጥያቄ ብቻ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ገንዘቡን ሊከፍሉ ሲሉ ወይም ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ነው። «ምርጥ»፣ «ርካሽ»፣ «ሆቴል»፣ «አዲስ አበባ» የሚሉ ቃላት በእንግሊዝኛ ተደርድረው፣ በሰረዝ ተሰፍተው፣ እንደ መንገድ ዳር ቦታ ይሸጡላቸዋል። ሻጩም «ይቺን አድራሻ ከያዝክ ጉግል ራሱ ደንበኛ ያመጣልሃል» ይላል። ባለሱቁ ከኪራዩ ላይ ቀንሶ ይገዛል።

የሚገርመው ሻጩ ሙሉ በሙሉ ውሸታም አይደለም። የሚነግራቸው ጊዜው ያለፈበት እውነት ነው። አንድ ሰሞን ነገሩ በእርግጥ ይሠራ ነበር። ለምን እንደሠራ፣ ማን እንደበላበትና መቼ እንዳበቃ የሚያውቅ ሰው ግን በቀላሉ አይሸወድም። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻ ላይ ወደ ራሳችን ፊደል እመጣለሁ፤ እኔን በዋናነት የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

እንጀምር። ኮምፒውተር ስም አያስፈልገውም፣ ቁጥር ይበቃዋል። ስም የተፈለገው ለእኛ ለሰዎቹ ነው። የኢንተርኔት እናት በሆነው በአርፓኔት ዘመን፣ መረቡ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ስምና ቁጥራቸው የሚመዘገበው አንድ ፋይል ላይ ነበር። ፋይሉ የሚያዘው ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ሲሆን፣ ሥራውን የሚሠራውን ቡድን ትመራ የነበረችው ኤልዛቤት ፋይንለር ናት። አዲስ ኮምፒውተር የሚያገናኝ ሰው ለእነሱ ያሳውቃል፣ ስሙ ይጻፋል፣ ሌላው ሁሉ ፋይሉን እየገለበጠ ይወስዳል። የዕድር መዝገብ በሉት። አባሉ ሲበዛ መዝገቡ ለአንድ ጸሐፊ ከበደው። 1983 ላይ ፖል ሞካፔትሪስ ዛሬም ድረስ የምንጠቀምበትን የዶሜይን ስም ሥርዓት ነደፈና መዝገቡ ከአንድ እጅ ወጥቶ ለብዙ እጅ ተከፋፈለ። ማርች 15 ቀን 1985 ሲምቦሊክስ የሚባል የአሜሪካ ኮምፒውተር አምራች ዶት ኮም የሚል አድራሻ አስመዘገበ፤ ከዶት ኮሞች ሁሉ የመጀመሪያው እሱ ነው።

ልብ በሉ፣ ሲምቦሊክስ ያስመዘገበው የራሱን ስም ነው። «ኮምፒውተር ዶት ኮም» ማለት ይችል ነበር፤ ሜዳው ባዶ ነበርና ማንም አይቀድመውም። ግን ለምን ይላል? መፈለጊያ የሚባል ነገር አልነበረም። አድራሻ ማለት አድራሻ ነበር፣ የሚያውቅህ ሰው ቤትህን የሚያገኝበት።

ቲም በርነርስ ሊ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባለው የሰርን ቤተ ሙከራ ሆኖ ዎርልድ ዋይድ ዌብን ያቀደው 1989 ላይ ነው። ዛሬ ከብራውዘራችን አናት ላይ የምናየውን ረጅም አድራሻ የሰጠን እሱ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ከመጀመሪያዋ ሁለት ነጥብ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ዝባዝ መስመሮች ባይኖሩም ይቻል እንደነበር 2009 ላይ ራሱ ተናግሯል። ስንት ወረቀትና ስንት ጣት እንደደከመ አስቡት።) ከዚህ ታሪክ አንጻር ግን ትልቁ ነገር 1998 ላይ የጻፈው አንድ አጭር ጽሑፍ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ጥሩ አድራሻ አይቀየርም የሚል ነው። አድራሻ እንዳይቀየር ከፈለጋችሁ በጊዜ ሊለወጥ የሚችል ነገር አትጨምሩበት ይላል፤ የጸሐፊውን ስም አታስገቡ፣ የፋይሉን ዓይነት አታስገቡ። ከዚያ የጉዳዩን ርዕስም ከሚቀሩት ነገሮች ተርታ ያስቀምጠዋል። ዛሬ በአንድ ርዕስ የመደብከው ነገር ነገ ሌላ ቦታ ሊመደብ ይችላል፣ ቃሉም ትርጉሙ ይዞራል ባይ ነው።

እንግዲህ የቤቱ አናጺ «በር ላይ ብዙ አትጻፉ» እያለ በሚመክርበት በዚያው ሰዓት ነበር ገበያው ተቃራኒውን መንገድ ይዞ የሚጋልበው።

እስከ 1995 ድረስ ዶሜይን ማስመዝገብ በነፃ ነበር። ወጪውን የሚሸፍነው የአሜሪካ መንግሥት የሳይንስ ፋውንዴሽን ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለው መዝጋቢ ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። ሰው ይቀንሳል ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ዋጋ የወጣለት ነገር ሁሉ እንደሚሸጥ እኮ መርካቶን ያየ ያውቃል።

በዚሁ ጊዜ አካባቢ መፈለጊያዎቹ መጡ። ዌብክሮለርና ላይኮስ 1994 ላይ፣ አልታቪስታ ደግሞ 1995 መጨረሻ ላይ። የእነዚህ ዘዴ የዋህ ነበር፤ የፈለጋችሁት ቃል ገጹ ላይ ስንት ጊዜ አለ፣ ርዕሱ ላይ አለ ወይ፣ አድራሻው ላይ አለ ወይ እያሉ መቁጠር። ሰውም ወዲያው ነቃ። በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም አንድን ቃል መቶ ጊዜ መጻፍ፣ አንባቢ በማያየው የኮድ ክፍል ውስጥ ቁልፍ ቃል መደርደር የተለመደ ሆነ። ያሁ በበኩሉ መፈለጊያ ሳይሆን በሰው እጅ የሚሞላ ማውጫ ነበረውና በየምድቡ ያሉትን ድረ ገጾች በፊደል ተራ ነበር የሚዘረዝረው። ታዲያ ስሙን በመጀመሪያው ፊደል ወይም በቁጥር የሚጀምር ድርጅት በዛ። የመፈለጊያ ማታለል ታሪክ ገና ከጅምሩ የስም ታሪክ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሰው ደግሞ መፈለጊያውን ትቶ በቀጥታ ብራውዘሩ ላይ ይጽፍ ነበር። ጫማ የሚፈልግ «ጫማ» ብሎ ዶት ኮም ይጨምርበታል፣ የሚወጣለትን ያያል። ተራ ቃል የያዘ አድራሻ ያለው ሰው ምንም ሳያስተዋውቅ ደንበኛ ይመጣለታል ማለት ነው። ያኔ ዋጋው ሰማይ ወጣ። «ቢዝነስ ዶት ኮም» 1997 ላይ በ150,000 ዶላር ሲሸጥ ዓለም ተገረመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ስም በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከ1991 ጀምሮ በስልክ ሆቴል ሲያስይዝ የኖረ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ 2001 ላይ «ሆቴልስ ዶት ኮም»ን በ11 ሚሊዮን ዶላር ገዛና የራሱን የድሮ ስም ጥሎ በዚያው ተጠራ። 2007 ላይ ሆምአዌይ የተባለ ድርጅት «የእረፍት ጊዜ ኪራይ» ለሚል የእንግሊዝኛ ዶሜይን 35 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። የድርጅቱ ኃላፊ ብራያን ሻርፕልስ ዋናው ምክንያት ተፎካካሪው ኤክስፒዲያ እንዳይወስደው መሆኑን አልደበቀም። መሬት አጥሮ ማስቀመጥ የእኛ ሀገር ሙያ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ የማትታለፍ አንዲት የተረሳች ኩባንያ አለች፣ ሪልኔምስ። መሥራቿ ኪት ቲር ነው። ሐሳቡ ደፋር ነበር፦ ዶት ኮም ምናምን የሚባለው ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ድርጅቶች ለቃሉ ይክፈሉ፣ ሰው ብራውዘሩ ላይ ቃሉን ብቻ ይጻፍ፣ በቀጥታ ወደ ከፈለው ድርጅት ይሂድ። ማይክሮሶፍት 2000 ላይ ድርሻ ገዛባትና በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ውስጥ አስገባት። 2002 ላይ ማይክሮሶፍት ውሉን አላድስም ሲል ኩባንያዋ ወዲያው ተዘጋች። ቃሉን የሸጠችላቸው ደንበኞች በሙሉ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ቃላቸው የሚኖረው በሌላ ሰው ቤት ውስጥ ነበርና። ይህን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም፤ የአድራሻ ቃል ዋጋ ምንጊዜም የሚወሰነው ባለቤቱ ባልሆነ ሰው እንደሆነ ያኔውኑ ታይቶ ነበር።

አሁን ወደ ጉግል እንምጣ። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን 1998 ላይ ባሳተሙት ጥናት ከቀደሙት የለየላቸው ነገር፣ ገጹ ስለ ራሱ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ሌሎች ስለ እሱ የሚሉትን መስማታቸው ነው። ማን ሊንክ ሰጠህ? ሊንኩ ላይ ምን ብሎ ጻፈ? ሠርግ ቤት እንደ መጠየቅ ነው፤ ሙሽራውን ራሱን አትጠይቀውም፣ ጎረቤቱን ነው የምትጠይቀው። ጉግል ሊንክ ላይ የተጻፈውን ቃል የተጠቆመው ገጽ መግለጫ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ግሩም ዘዴ ነው፣ ግን አንዲት ቀዳዳ ነበረችው። ብዙ ሰው ሊንክ ሲሰጥ ምንም ቃል አይጽፍም፣ አድራሻውን እንዳለ ኮፒ አድርጎ ይለጥፋል። ያኔ የጎረቤት ምስክርነት የተባለው ነገር አድራሻው ራሱ ይሆናል። አድራሻህ «የአበበ ሱቅ» ከሆነ ሊንኩ የሚመሰክረው ስለ አበበ ነው። አድራሻህ «ርካሽ ጫማ» ከሆነ ግን ሳያውቀው የለጠፈው ሁሉ «ይህ ቤት ርካሽ ጫማ ነው» ብሎ ይመሰክርልሃል። ስምህን ራስህ አውጥተህ ጎረቤት እንደመሰከረልህ ይቆጠራል! በዚህ ላይ ጉግል የፍለጋ ውጤቱን ሲያሳይ አድራሻው ውስጥ ያሉትን የተፈለጉ ቃላት በደማቁ ይጽፋቸው ነበርና ዓይን ይስባል፣ ሰውም ይጫነዋል። የአድራሻ ቃል ጉልበት የመጣው ከእነዚህ ነው። ምንም አስማት የለበትም።

ነገሩ ከዶሜይኑ አልፎ ወደ ገጹ አድራሻም ወረደ። ድሮ የአንድ ጽሑፍ አድራሻ በጥያቄ ምልክትና በቁጥር የተሞላ ነበር፤ «ፒ እኩል ይሆናል 123» ዓይነት። ራልፍ ኤንግልሻል የተባለ ጀርመናዊ 1996 ላይ ለአፓቼ ሰርቨር የሠራት አንዲት ቅጥያ ይህን ቀየረችው። ከውስጥ ቁጥር የሆነውን ከውጭ በቃል ማሳየት ተቻለ። 2003 ላይ የተወለደው ዎርድፕረስ ደግሞ ይህን ችሎታ ለማንም ሰው አደረሰው። ርዕስ ትጽፋለህ፣ ርዕሱ ራሱ በሰረዝ ተያይዞ አድራሻ ይሆናል። ይህ ለአንባቢም ጥሩ ነበር፣ ከመጫኑ በፊት ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። ያላግባብ የተጠቀሙበት ግን ነበሩ፤ ሃያ ቃል የተሰካበት፣ «ርካሽ» የምትለዋ አራት ጊዜ የተደጋገመችበት አድራሻ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያኔ የነበረውን የሰረዝና የታች መስመር ክርክርማ ተዉት። ማት ከትስ የሚባለው የጉግል ሰው (ከተጠቃሚ ጋር በግልጽ ያወራ የነበረ፣ ብዙዎቻችን ሥራውን ከእሱ የተማርን) 2005 ላይ ነገሩን አብራርቶት ነበር። ጉግል ሰረዝን ቃል መለያ አድርጎ ያያል፣ የታች መስመርን ግን ቃላቱን አጣብቆ እንደ አንድ ቃል ያነበዋል። ምክንያቱም ጉግልን የሠሩት ፕሮግራመሮች ናቸው፣ በኮድ ውስጥ ደግሞ የታች መስመር የገባበት ስም አንድ ስም ነው። በዚህች ምክንያት ስንቱ ድረ ገጽ ሙሉ አድራሻውን ቀይሯል። አድራሻ ሲቀየር ደግሞ የድሮው ሊንክ ሁሉ ይሞታል፣ ካልተጠነቀቁ በስተቀር። የበርነርስ ሊን ምክር ያነበበ ያኔ አንገቱን ነቅንቆ ይሆናል።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ እስከ 2012 ድረስ ያለው ጊዜ የጭፈራው ዘመን ነው። የሚፈለግ ሐረግ ታያለህ፣ ያንኑ ሐረግ እንዳለ ዶሜይን ታደርገዋለህ፣ አምስት ገጽ የማይረባ ጽሑፍ ትጨምርበታለህ፣ አንደኛው ገጽ ላይ ትወጣለህ። ዝነኛ ሆስፒታል ስለ አንድ በሽታ የጻፈው ከታች ሆኖ፣ በበሽታው ስም ዶሜይን የገዛ አንድ ወጣት ከላይ የሚቀመጥበት ጊዜ ነበር። ሌሎች ደግሞ ገጽ መሥራት እንኳ አላስፈለጋቸውም። ባዶ ዶሜይን ላይ ማስታወቂያ ብቻ ደርድረው ይተዉታል፣ ተሳስቶ የገባ ሰው ማስታወቂያውን ይጫናል፣ ባለቤቱ ሳንቲም ይለቅማል። ማስታወቂያውን ከሚያቀርቡት አንዱ ማን ነበር ብትሉ፣ ጉግል ራሱ! ለባዶ ዶሜይኖች የሚሆን የማስታወቂያ አገልግሎት ነበረው። በአንድ እጁ የፍለጋ ውጤቱን ያጸዳል፣ በሌላው እጁ ከቆሻሻው ይካፈላል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

ከዚህም የባሰ ነበር። ዶሜይን የገዛ ሰው በአምስት ቀን ውስጥ ከመለሰ ገንዘቡ ይመለስለት ነበር፣ በስህተት ፊደል ለገደፈ ሰው ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። ብልጦቹ በአንድ ቀን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ስም ያስመዘግባሉ፣ አምስት ቀን ማስታወቂያ ሰቅለው ሰው የሚገባበትን ይለያሉ፣ ያንን ያስቀሩና የቀረውን ይመልሳሉ። ልብስ ቤት ገብቶ ሁሉንም ለክቶ እንደ መውጣት ነው፤ እነዚህ ግን ለክተው ሠርግ ውለውበት ነው የሚመልሱት። የዶሜይን ሥርዓቱን የሚያስተዳድረው አይካን በገፍ ለሚመልሱት ቅጣት ሲጥል ድርጊቱ ወዲያው ከሰመ፤ 2009 ላይ ባወጣው ሪፖርት በ99.7 በመቶ መቀነሱን ገልጿል። ክፍያ ሲመጣ ጠፋ ማለት ነው። ይህች ነጥብ ለጠቅላላው ታሪክ ቁልፍ ናት። የአድራሻ ቃል ለመፈለጊያው ምልክት ሊሆን የቻለው ውድና ብርቅ እስከሆነ ድረስ ነው። ለንግዱ የቆመ፣ ገንዘቡን ያወጣ፣ ነገም የሚኖር ሰው ነው የሚገዛው ተብሎ ይገመታል። በአሥር ዶላር ሰው ሁሉ ሲገዛው ምንም የሚመሰክረው ነገር አልቀረም።

ማት ከትስ 2011 ላይ በአንድ ቪዲዮ፣ ሰዎች ለዶሜይን ቃላት የምንሰጠው ክብደት በዝቷል እያሉ ስላጉረመረሙ እናየዋለን ብሎ ነበር። ሰሚ አላገኘም፣ ሽያጩ ቀጠለ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2012 በትዊተር አጭር መልእክት ጻፈ። እንደ አየር ትንበያ አድርጎ ነው ያቀረበው፤ ከፍለጋው ሐረግ ጋር አንድ ዓይነት የሆኑና ጥራት የሌላቸው ዶሜይኖች ከውጤት ዝቅ የሚሉበት ትንሽ ለውጥ እየመጣ ነው። የሚነካውም አሜሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ከሚደረገው ፍለጋ 0.6 በመቶውን ያህል ነው አለ። ለእሱ ትንሽ ነበር። በዚያች 0.6 ውስጥ ቤታቸውን ለሠሩት ግን ጎርፍ ነበር፣ ለዓመታት ገቢ ያገኙበት ገጽ በማግስቱ የት እንደገባ ጠፋቸው።

«ሆቴልስ ዶት ኮም» ምንም አልሆነም። ለምን? ከስሙ ጀርባ ሥራ አለ። የተመታው ስም ብቻ የሆነው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አጭር ነው። የጉግሉ ጆን ሙለር 2016 ላይ በአድራሻ ውስጥ ያለ ቁልፍ ቃል በጣም ትንሽ ክብደት እንዳለው ተናገረ፤ በዓመቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ የተጋነነ ነገር ነው አለ። ለቃሉ ሲባል የቆየ አድራሻ መቀየር አያዋጣም የሚለውም የእሱ ምክር ነው። ጉግል ለጀማሪዎች ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ ዛሬ ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል፣ በዶሜይንም ሆነ በገጽ አድራሻ ውስጥ ያለው ቃል ብቻውን ለደረጃ የሚፈይደው ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ በውጤቱ ላይ ለዓይን ከመታየት በቀር። ያቺ ለዓይን የምትታየው እንኳ እየጠበበች ነው። 2025 መጀመሪያ ላይ ጉግል በስልክ ላይ በሚታየው ውጤት ዶሜይኑን ብቻ አስቀርቶ ከጀርባው የሚከተለውን የአድራሻ ዝርዝር ማሳየት አቆመ። ስለዚህ «ምርጥ-ርካሽ-ሆቴል» ልግዛ ወይ የሚለኝ ሰው የሚያገኘው መልስ ይኸው ነው፦ የራስህን ስም አስመዝግብ፣ ገንዘቡን ጥሩ ፎቶ አንሺ ላይ አውለው። ጉግል ራሱ ስሙን ያገኘው «ጉጎል» ከሚባል የሒሳብ ቃል አጻጻፉ ተጣሞ ነው፣ ስለ ፍለጋ የሚናገረው አንዳች የለውም።

አሁን ቃል ወደገባሁላችሁ ወደ ፊደላችን ልምጣ። ከላይ ያወራሁት ክፉም ደጉም በላቲን ፊደል የሆነ ነው። አማርኛ ከዚህ ጭፈራ ውጭ ነበር። ያልተጋበዘውም በፈቃዱ አይደለም።

ፊደላችን ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው 1999 ላይ፣ በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በኋላ በአማርኛ ገጽ መጻፍ ተቻለ፣ አድራሻው ግን አልቻለም። የድረ ገጽ አድራሻ በደንቡ የሚቀበለው የላቲን ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነው። ሌላ ፊደል ሲመጣ ይመነዘራል። አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ሦስት ባይት ይይዛል፣ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ አንድ የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ቁምፊ ሆኖ ይጻፋል። አንድ ፊደል ዘጠኝ ቁምፊ ሆነ ማለት ነው። «ኢትዮጵያ» አምስት ፊደል ናት፣ አድራሻ ላይ ግን 45 ቁምፊ ትሆናለች። በእንግሊዝኛ ስትጻፍ ስምንት ናት። ዓረብኛና ዕብራይስጥ በፊደል ስድስት ነው የሚያስከፍላቸው፣ እኛና ህንዶቹ ዘጠኝ።

ብራውዘሩ ላይ ስታዩት አማርኛው ያምራል። ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ነው ጉዱ፣ በፐርሰንት የታጨቀ አራት መስመር ዝባዝንኬ። አያቴ ብታየው ቫይረስ ነው ብላ ስልኩን ትጥለዋለች፤ እውነቷን ነው፣ ቫይረስም እንዲህ ነው የሚመስለው። ከላይ ያልኩት የሊንክ ምስክርነትም እዚህ ጋ ይጠፋል፤ ለጓደኛው የሚለጥፈው ሰው ምን እንደለጠፈ ራሱም አያነበውም።

ዎርድፕረስ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የአንድ ጽሑፍ አድራሻ በዳታቤዙ ውስጥ የተፈቀደለት ቦታ 200 ቁምፊ ነው። ለእንግሊዝኛ ሠላሳ ቃል ገደማ ይይዛል። ለአማርኛ ሃያ ሁለት ፊደል! ቃል አላልኩም፣ ፊደል። ለምሳሌ አንድ ጋዜጠኛ «የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር አዲስ የቤት ኪራይ ደንብ አወጣ» ብሎ ርዕስ ቢጽፍ፣ ከራስ ጣታችን ቆጥረን እንየው፣ አድራሻው «የአዲስ-አበባ-ከተማ-አስተዳደር-አዲስ-የቤ» ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። ዋናው ነገር፣ ኪራዩም ደንቡም፣ ውጭ ቀረ። አስተዳደሩ ብቻ ገባ። በዚህ ተማርረው ብዙ የአማርኛ ገጾች አድራሻቸውን በቁጥር ወይም በእንግሊዝኛ አድርገዋል፣ አልፈርድባቸውም።

እሺ በላቲን እንጻፈው ብንልስ? «ፀሐይ»ን ማን እንዴት ይጽፋታል? አንዱ በ«ቲ ኤስ» ይጀምራል፣ አንዱ በ«ኤስ» ብቻ። አንዱ በ«ዋይ» ይጨርሳል፣ አንዱ በ«አይ»። በራሳችን ፊደልም ብንመለስ ጣጣው አይቀርም፤ ሁለቱን ፀ/ጸ እና ሦስቱን ሐ/ሀ/ኀ ብቻ ብንወስድ አንዷ ፀሐይ ስድስት ዓይነት ትጻፋለች። የሠርግ አዳራሽ ያለው ሰው በንጉሡ ሠ ይጻፈው ወይስ በእሳቱ ሰ? ፈላጊው በእሳቱ ቢጽፍስ? እንግሊዝኛው ገበያ ሲናጥ በነበረበት ጊዜ እኛ ገና ይህን ጥያቄ አልመለስንም ነበር፤ ዛሬም ሁሉም በየፊናው ነው።

ከእንግሊዝኛ ውጭ ባሉ ፊደላት ዶሜይን ራሱን ማስመዝገብ የሚያስችለው ደረጃ የወጣው 2003 ላይ ነው። ከውስጥ ያው ወደ ላቲን ይመነዘራል፣ ለዓይን ግን የራስህ ፊደል ይታያል። 2010 ላይ ግብፅ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሀገራቸውን ስም በዓረብኛ ፊደል የአድራሻ መጨረሻ አድርገው አወጡ። ካይሮ ያለ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፊደሉ መጻፍ ይችላል። የእኛው፣ ኢትዮ ቴሌኮም የሚያስተዳድረው ዶት ኢቲ፣ በላቲን ነው።

እኔ እስከዚያው የማደርገውን ልንገራችሁ። ለደንበኞቼ የአማርኛ ጽሑፍ ስጭን ዎርድፕረስ ከርዕሱ የሚቆርጠውን አልቀበልም። በእጄ ሦስት ቃል እመርጣለሁ፣ በሰረዝ አያይዛለሁ። ከላይ ያለው ዜና «የቤት-ኪራይ-ደንብ» ይሆናል። ዘጠኝ ፊደልና ሁለት ሰረዝ፣ ሲመነዘር 83 ቁምፊ። ከ200ው ውስጥ በደንብ ይገባል፣ ብራውዘር ላይ የሚያነበውም ሰው ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ግን አሁንም ሁለት መስመር ሙሉ ፐርሰንት ነው።